በሁለት ማረፊያ መካከል

«ሳፋሪ» በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው። በኛ ዘንድ ግን ቃሉ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ጠመንጃ ያነገተ ፈረንጅና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአጋዘን ቀንድ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ሌላ ዓይነት ሳፋሪ አለ። ጎብኚው በትንሽ አውሮፕላን ተሳፍሮ ናሚቢያ በረሃ ውስጥ አሸዋ ለአሸዋ ሲዞር ይውላል፤ ሲነጋ ደግሞ ቦትስዋና ገብቶ በኦካቫንጎ ረግረግ ዝሆን ሲጠጣ ያያል። ከማረፊያ ማረፊያ ይዘላል እንጂ መንገድ የሚባል ነገር አይነካም። ነገሩ ትርጉም አለው። ኦካቫንጎ ውኃ ሲሞላ መኪና አያስኬድም። ናሚብ በረሃ ደግሞ ሰው የሌለበት ምድር ነው ማለት ይቻላል። በአየር ያለፈው መንገደኛ ቀረበት ቢባል ያው አሸዋው ነው።

እኛም እኮ እንዲህ ያለ ጉዞ ካወቅን ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖናል። መነሻው ቦሌ ነው። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም፤ ከዚያ ተመልሶ ቦሌ። ስሙም «ታሪካዊ መስመር» ይባላል። ከናሚቢያው የሚለየው በአንድ ነገር ነው። የኛው አውሮፕላን በሚዘልለው ምድር ላይ ሰው አለ። ያውም ብዙ ሰው።

ታሪኩን ከሥሩ ብናየው አውሮፕላን እዚህ አገር ሥራ የጀመረው ለጎብኚ ተብሎ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። መነሻቸውም ልደታ። ተሳፋሪው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥ ነበር፤ መሐሉ ዕቃ ይታሰርበታል። ቡናና ቆዳ ይጫን ነበር። ነጋዴውም፣ ሹሙም፣ ታማሚውም ይሳፈር ነበር። መኪና የማይደርስበት ከተማ ሁሉ ሣር ሜዳ ጠርጎ አውሮፕላን ይቀበል ነበርና መኪና ሳያይ አውሮፕላን ያየ ሕዝብ ጥቂት አልነበረም። በአጭሩ አውሮፕላኑ የሰማይ አውቶቡስ ነበር።

ጄት ሲመጣ ግን ልደታ ጠበበ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ስለዚህ ከከተማው በስተምሥራቅ ገበሬ ከሚያርስበት የቦሌ ሜዳ ላይ አዲስ ማረፊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ ጄት በረራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ግንቦት የአፍሪካ መሪዎች ለአንድነት ድርጅቱ ምሥረታ የገቡት በዚሁ በር ነው። ከተማዋም ፊቷን ወደ ምሥራቅ ማዞር የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጎብኚ የማምጣቱ ሐሳብም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅቱን የመሩት በዚያን ጊዜ ነበር። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ያወጡትም እሳቸው ናቸው። መፈክሩ በ2008 ዓ.ም. በ«ምድረ ቀደምት» እስኪተካ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል። የታሪካዊው መስመር ስሌት ቀላልና ብልህ ነበር። ፈረንጁ ያለው ጊዜ አንድ ሳምንት ነው። ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዓባይን ወርዶ መውጣት አለ። ላሊበላማ በበቅሎ የቀናት መንገድ ነበር። እና ምን ይሻላል? ፋሲልንም፣ ቤተ ጊዮርጊስንም፣ ሐውልቱንም በአየር አያይዞ ማሳየት! በዚህ አሳብ የሚፈረድ ያለ አይመስለኝም። መንገድ በሌለበት አገር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበረም። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ጋር ሆና በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዷ ስትሆን፣ ዓለም ስሟን የሰማው በከፊል በዚያ አውሮፕላን ነው።

ችግሩ ዘዴው ዓይንንም መለወጡ ነው። በመስመሩ ካርታ ላይ ኢትዮጵያ አራት ነጥብ ሆነች። ሆቴል የሚሠራው በነጥቡ ላይ፣ አስጎብኚ የሚሠለጥነው ለነጥቡ፣ ገንዘቡም የሚወርደው እዚያው ነጥቡ ላይ ነው። በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ደግሞ በመስኮት የሚታይ «መልክዓ ምድር» ሆነ።

ይህ ዓይን ምን ያህል እንደሚያሳስት የታየው በ1965 ዓ.ም. ነው። ላሊበላ ወሎ ውስጥ ናት። ወሎ ሲራብ የአገሪቱ ቱሪዝም ገና እያደገ ነበር። ከላይ ሆኖ በበጋ ለሚያይ ሰው፣ የታጨደ ማሳና ጭራሹን ያልበቀለበት ማሳ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ረሃቡን ያዩት በመሬት የሄዱት ናቸው። የተራበው ገበሬ ከቀዬው ወጥቶ በደሴና በወልድያ መንገድ ዳር ተኮልኩሎ ስለነበር፣ በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ ሳያይ ማለፍ አይችልም ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚያው ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተው ግቢ ውስጥ ለዕይታ አቀረቡ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ጉዱን ሰማ። መንግሥት የደበቀውን መንገድ አወጣው ማለት ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1977 ደግሞ ተራው ተገለበጠ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ማረፊያና መንገድ በሌለበት ደጋ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል በጆንያ ያራግፉ ነበር። አውሮፕላን በሁለት ማረፊያ መካከል ያለውን ሰው ያስታወሰው ያን ጊዜ ነው። እሱም ሰውየው ሊሞት ሲል።

መስመሩ ወደ ደቡብም ወርዷል። ጂንካ ዘመናዊ ማረፊያ ሳይሠራላት በፊት አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማው መሐል ባለው ሣር ላይ ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ሜዳው ይለቀቃል። ፈረንጁ ከዚያ በላንድክሩዘር ማጎ ይገባል፤ ሙርሲዎችን በብር ፎቶ ያነሳል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይነሳል። ስሜን ላይ ደግሞ ዋልያውና ጭላዳው እንዲተርፉ ተብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ፓርኩም ለሃያ ዓመት ያህል ከቆየበት የአደጋ መዝገብ በቀጣዩ ዓመት ወጣ። ለዋልያው ደግ ሆነ። ግን ብሮሹሩ ላይ የግጭ ሰው የለም፤ ገደሉና ዋልያው ብቻ ናቸው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት የአክሱምን ማኮብኮቢያ ጭምር ሳይምር ቀረ፤ ተቆፍሮ ቆይቶ በረራ የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲፋፋም ወደ ጎንደር፣ ላሊበላና ባሕር ዳር የሚደረገው በረራ ለተወሰኑ ቀናት ተቋረጠ። ሰማዩ ቶሎ ተከፈተ። መንገዱ ግን እንደ ሰማዩ አልሆነም። በሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ልብ በሉ፤ ደባርቅ የስሜን ፓርክ በር ናት። ተራራውን ሊያይ የመጣው እንግዳ ጎንደር ድረስ በአየር ሄዶ ደባርቅ ይገባል። ደባርቅ የተማረው ልጅ ግን በአውቶቡስ ነው የሚመለሰው።

ከዚህ በኋላ የቦሌን የአገር ውስጥ መንገደኛ ማየት ነው። ባለ ካሜራው ጎብኚ ድሮም ነበር። አሁን ከጎኑ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት፣ የሐኪም ወረቀት በፌስታል የያዘ ታማሚ፣ ለቅሶ የሚሄድ ጎልማሳ ተሰልፈዋል። ብዙዎቹ አውቶቡስ ለምደው የኖሩ ናቸው። ቲኬቱን የቆረጡት ደልቷቸው እንዳይመስላችሁ፤ ስለፈሩ ነው። ለዜጋ የሚከፈለው ከውጭ ዜጋው ያነሰ ቢሆንም፣ ለደመወዝተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ያንንም ያላገኘ አለ። ወይ እንደፈራ በመንገድ ይሄዳል፣ ወይ እናቱን ሳያይ ይከርማል።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ለእንግዳ የተፈለሰፈው ዝላይ ዛሬ ለባለአገሩ መሸሻ ሆነ ማለት ነው። ሰማዩን አመስግኖ መሄድ ደግ ነው፤ ያደረሰ ይመሰገናል። ግን አንድ ነገር ልንለምድ አይገባም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጎንደር ለማረፍ አንድ ሰዓት የሚበቃው ሰው፣ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ጎሐ ጽዮንን፣ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስንና ዳንግላን ሳያያቸው ያልፋል። እዚያ ቡና የምታፈላ አለች፣ ጎማ የሚለጥፍ አለ፣ ለመንገደኛ ቆሎ የሚሸጥ ልጅ አለ። አውቶቡሱ ሲቀር የእነሱም እንጀራ ይቀራል። የ1965ቱን ረሃብ የደበቀው መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ ያልታየ አገር በራሱ ይደበቃል። ያን ጊዜ ቢያንስ መንገዱ ክፍት ነበርና የሚያልፍ ሰው አየ። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ከቀነሰ፣ በሁለት ማረፊያ መካከል ያለውን ማን ሊነግረን ነው?