ነጠላ ሰሌዳ ኮምፒውተር

ነጠላ ሰሌዳ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና መሰኪያዎቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተሠርተው የሚቀርብ ትንሽ ግን ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ከሁሉ የታወቀው የእንግሊዙ ራስፕቤሪ ፓይ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሞዴል የካቲት 21 ቀን 2004 ዓ.ም. (29 ፌብሩዋሪ 2012 እ.ኤ.አ.) በ35 ዶላር ለገበያ ቀረበ። መጠኑ የባንክ ካርድ ያህል ነው። የተሠራው ልጆች ፕሮግራም መጻፍን በርካሽ መሣሪያ እንዲማሩ ቢሆንም፣ ሞተርና ሴንሰር የሚገናኙበት ፒኖች ስላሉት በትርፍ ጊዜያቸው ሮቦት የሚሠሩ ሰዎችም በስፋት ይጠቀሙበታል።

ኮምፒውተር ወይስ ማይክሮኮንትሮለር

አርዱዊኖ ኡኖ ከራስፕቤሪ ፓይ ጋር አብሮ ቢጠራም ኮምፒውተር አይደለም፤ ማይክሮኮንትሮለር የተሸከመ ሰሌዳ ነው። ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። የተጫነለትን አንድ ፕሮግራም ያለማቋረጥ ይደጋግማል። መሬት ላይ የተሠመረ ጥቁር መስመር ተከትሎ ለሚሄድ ሮቦት ይህ ይበቃል።

ምርጫው የሚወሰነው በሥራው ዓይነት ነው። በከምባታ ዞን፣ ከሆሳዕና ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ዶዮገና አንድ ተማሪ የችግኝ መደብን እርጥበት እየለካ ውኃ የሚከፍት መሣሪያ መሥራት ቢፈልግ አርዱዊኖ ይሻለዋል። ኡኖ የእርጥበት ሴንሰርን የመሳሰሉ አናሎግ ምልክቶችን የሚያነቡ ስድስት መግቢያዎች አሉት፤ ራስፕቤሪ ፓይ ግን አንድም የለውም፣ ተጨማሪ ቺፕ ይፈልጋል። ያው ተማሪ በማሳ መካከል እየሄደ የእንሰት ቅጠል ፎቶ የሚያነሳና በአጠውልግ በሽታ የተጠረጠረውን የሚለይ ሮቦት ቢያስብ ነገሩ ይገለበጣል። የካሜራ ምስል በ2 ኪሎባይት ውስጥ አይገባም። ለእንዲህ ያለ የምስል ሥራ ታስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጄትሰን ናኖ ሲሆን፣ ዋጋው ያኔ 99 ዶላር ነበር።

ሊኑክስ የሚያሠራ ሰሌዳ ሌላ ድክመት አለው። ሰርቮ ሞተር በየ20 ሚሊሰከንዱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ምት ይጠብቃል። ሊኑክስ በሌላ ሥራ ተጠምዶ ምቱን ትንሽ ቢያዘገየው የሮቦቱ ክንድ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ብዙዎች ሁለቱን አጣምረው ይሠራሉ፦ ምስሉንና ውሳኔውን ለኮምፒውተሩ፣ ሞተሩን ለማይክሮኮንትሮለሩ ይሰጣሉ፤ በዩኤስቢ ገመድም ያገናኟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ቢግልቦን ብላክ ከሊኑክስ ነፃ ሆነው የሚሠሩ ሁለት ትንንሽ ፕሮሰሰሮችን በዚያው ቺፕ ውስጥ ይዟል።

በኢትዮጵያ በሮቦት ሶፍትዌር ሥራ የሚታወቀው በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ ነው፤ ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር ላይ ተሳትፏል።

ኃይል

ጀማሪዎች አብዝተው የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ሞተር ሲነሳ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ባትሪው ከሰሌዳው ጋር የጋራ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ለሞተሮቹ የተለየ ባትሪ ይደረግላቸዋል፤ የሁለቱ ባትሪዎች ኔጌቲቭ መስመር ግን መገናኘት አለበት። ራስፕቤሪ ፓይ 4 ባለ 5 ቮልት 3 አምፔር፣ ፓይ 5 ደግሞ ባለ 5 አምፔር ምንጭ ይመከርላቸዋል። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ፣ 5 ዋት የሚበላ ሰሌዳን ብክነቱ ተቀንሶ ስድስት ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ ሞተሩ ሳይቆጠር።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሌላም ነገር መታሰብ አለበት። ራስፕቤሪ ፓይ በሚሞሪ ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ ኃይል ቢቋረጥ ፋይሎቹ ሊበላሹና ሰሌዳው አልነሳም ሊል ይችላል። የካርዱን ሙሉ ቅጂ አስቀድሞ ማስቀመጥ ይጠቅማል። አርዱዊኖ መብራት ሲመለስ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ጉዳትና ጥገና

የራስፕቤሪ ፓይ ፒኖች የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው። ርቀት በድምፅ የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር 5 ቮልት ስለሚመልስ በቀጥታ ከተገናኘ ፒኑን ሊያቃጥል ይችላል፤ የ1 ኪሎኦምና የ2 ኪሎኦም ሬዚስተር በመሃል ቢገቡ ቮልቴጁን ወደ 3.3 ያወርዱታል። አርዱዊኖ ኡኖ ራሱ በ5 ቮልት ስለሚሠራ ይህ አያስፈልገውም።

ከኤሌክትሮኒክስ ገበያ በራቀ ከተማ ለሚኖር ሰው የጥገናው ነገር ከዋጋው ባላነሰ ያሳስባል። የራስፕቤሪ ፓይ ፕሮሰሰር በሰሌዳው ላይ ተበይዷል፤ ከተቃጠለ ሰሌዳው በሙሉ ይለወጣል። በተለመደው አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ግን ቺፑ የተቀመጠው በሶኬት ነው፤ በጠፍጣፋ መፍቻ ቀስ ተብሎ ተነቅሎ፣ የማስነሻ ፕሮግራሙ የተጫነበት ሌላ ቺፕ ይተካበታል።