ጅብ፣ ጠይብ፣ ደስክ

«ጋሼ፣ አንድ ጥሩ ጭራቅ ምረጥልኝ» አለኝ የእህቴ ልጅ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንበው ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው። አንዱ ተረቱን ይመራል፤ የቀሩት ጀግና ሆነው ይገቡበታል፤ ዳይስ ይወረወራል፤ አውሬ ይወጣባቸዋል። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ካወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የመጣ ነው። ልጆቹን ድራጎኑ ሰልችቷቸዋል፤ መሪው የእህቴ ልጅ ደግሞ ያገር ቤት ፍጡር ፈልጓል። እኔ የማውቀው አውሬ ሳይሆን ቃል ነው፤ ያለኝን ሰጠሁት።

ጭራቅን ገና ከበሩ መለስኩት። ሰው ከመብላት ሌላ ጠባይ የለውም፤ ልጅ ማስተኛ ሆኖ ቀርቷል።

«አውሬ» የሚለው ቃል ራሱ ጥሩ መነሻ ነው። ግዕዙ አርዌ ነው፤ ሲበዛ አራዊት። አማርኛ «ር»ን እና «ው»ን ቦታ አለዋወጣቸው። በግዕዝ አርዌ የዱር እንስሳም እባብም ነው፤ በአክሱም ነግሦ ልጃገረድ ሲገበርለት የኖረው የተረቱ ዘንዶ ስሙ አርዌ የሆነው ለዚህ ነው። የዕብራይስጥ ዘመዱ አርዬ ግን አንበሳ ነው። እዚያ ባለ ጎፈር፣ እዚህ በሆዱ የሚሳብ! ቃሉ ከአያቱ የወረሰው ፍርሃቱን እንጂ መልኩን አይደለም።

ጅብም ያው ነው። በግዕዝ ዝእብ፣ በትግርኛ ዝብኢ ይባላል። አማርኛ «ዝ»ን ወደ «ጅ» አዞረና መካከሉን ዋጠው። የዕብራይስጡ ዜኤብና የዐረብኛው ዚእብ ደግሞ ተኩላ ናቸው። ስሙ የተሰጠው ሌሊት በረት ዙሪያ ለሚያንዣብበው ነው፤ እዚያ ያንዣበበው ተኩላ ነበር፣ እዚህ ጅብ። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ዓመት፣ ጅብ በእረኞች ጎጆ አጠገብ የሰው ድምፅ እያስመሰለ ስም ይጠራል፣ የወጣለትንም ይቦጫጭቃል የሚል ወሬ ጽፏል። «ኢትዮጵያ» ከሚላት (ግሪክና ሮም ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ እንዲህ ይሉት ነበር) አውሬዎች መካከልም ሌውክሮኮታ የተባለ የሰው ድምፅ አስመሳይ አለ። ይህ አውሬ እ.ኤ.አ. በ1977 የጨዋታው የአውሬዎች መጽሐፍ ውስጥ ገባ። የእህቴ ልጅ ከባሕር ማዶ ያስመጣው መጽሐፍ የኛኑ ወሬ ይዞ ነው የተመለሰው። እኛ ግን ያልጻፉት አንድ ነገር አለን፤ በተረታችን ጅቡን «አያ ጅቦ» እንለዋለን። አያ ለታላቅ ወንድም የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ሊበላህ የመጣውን በአንቱታ ደጅ ማቆየት፣ ይህ ከጎራዴ የተሻለ የጨዋታ ስልት ነው።

ልጁ ቀጥሎ የጠየቀኝ ሌሊት ጅብ ስለሚሆነው ሰው፣ ስለ ቡዳ ነው። እዚህ ላይ እጄን ሰበሰብኩ። በሸዋ ገጠር ቡዳ ሲባል የኖረው ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ነው። የነሱ ሌላ ስም ጠይብ ነው፤ ጠይብ ደግሞ የግዕዙ ጠቢብ ነው። አማርኛ «ብ»ን ማላላት ይወዳል፤ ሰብእን ሰው ያደረገው እሱ ነው። ጥበብ፣ ጠቢብ፣ ጠይብ አንድ ቤት ያደጉ ናቸው፤ ሦስተኛው ብቻ ስድብ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን እንዳይሰድቡ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ማረሻህን የሠራልህን ሰው አውሬ አድርገህ ጠረጴዛ ላይ አታውጣብኝ አልኩት።

ጋኔን ይሻላል። የሥርወ ቃል ሰዎች ከዐረብኛው ጂን ጋር ያዛምዱታል፤ የሥሩ ፍች መሸፈን፣ መሰወር ነው። በዐረብኛ ጀኒን በማሕፀን የተሰወረው ፅንስ ነው። ገነት እንኳ ከዚሁ ቤት ናት፤ የታጠረች፣ የተከለለች ቦታ። አማርኛ አንዱን ዘመድ ሁለት ጊዜ ተቀበለ፤ ጋኔንን ከግዕዝ መጻሕፍት፣ ጅኒን ከእስልምናው ዓለም። አንኮበር ላይ ካህኑ አጋንንት ሲያስወጣ፣ ቁልቁል ወርደህ አርጎባ ነጋዴዎች በሚገበያዩበት አልዩ አምባ ደግሞ ስለ ጅኒ ይወራል። ለጨዋታው መሪ የሚጠቅመው ሥሩ ነው፤ ጋኔን ከታየ አበቃለት።

ሰይጣን ደግሞ በዕብራይስጡ ተቃዋሚ፣ ከሳሽ ማለት ነው። ቀንድና ጭራው ኋላ የበቀሉ ናቸው።

የመረጥኩለት ግን ከራሷ ከደብረ ብርሃን ታሪክ የወጣውን ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ ከተማዋን ቆረቆረ፤ እ.ኤ.አ. በ1468 እስኪሞትም እዚያው ተቀመጠ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ክርስቲያኑ ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ ክንዱ ሰይጣንን መካዱን፣ በግራው ደስክን መካዱን እንዲጽፍ አዘዘ። ደስክ የዛር ዓይነት መንፈስ ነው፤ ቃሉ ዛሬ ከዕለት ንግግር ወጥቷል። ደስክንና ዲኖ የሚባለውን አመለኩ ተብለው የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ ተቀጥተዋል።

«መልኩስ ምን ይመስላል? ስንት እግር አለው?» አለኝ ልጁ፣ እርሳሱን አሹሎ።

«አይታይም» አልኩት። «ተጫዋቾችህን መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ አስጽፋቸው። ከዚያ አንዱ ያልጻፈ አለ በላቸው።»