ደቡብ ካሮላይና፤ የሩዝ ምድርና የሠሩት እጆች

ወደማያውቀው አገር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መንገዱና ስለ ማደሪያው፤ ስለ አየሩና ስለ ገበያው ነው። ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የአገር መልክ ያለ ታሪኩ ግማሽ ነገር ነው። ይልቁንም ከተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት አንዷ የሆነችው፤ በስተ ደቡብ በአትላንቲክ ባሕር ዳር የምትገኘው ደቡብ ካሮላይና፤ እንግዳ በዐይኑ ብቻ አይቶ የሚያስተውላት አገር አይደለችም። የቤቶቿ ማማር፤ የዛፎቿ ጥላ፤ የአብያተ ክርስቲያኖቿም የደወል ቤት ያያቸውን ሁሉ ደስ ያሰኛሉ። ይህ ውበት በማን ድካም እንደ ተገኘ የሚያስረዳው ግን ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህች ግዛት አዋሳኞች በሰሜን ሰሜን ካሮላይና፤ በደቡብና በምዕራብ ጆርጂያ፤ በምሥራቅ ባሕሩ ናቸው። ስፋቷ 83,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ2020 በተደረገው ቆጠራ የሕዝቧ ቍጥር 5,118,425 ሆኖ ተገኝቷል። መናገሻ ከተማዋ ኮሎምቢያ በመካከሏ ትገኛለች። በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ተራሮች አሉ፤ ከዚያ ምድሩ ዝቅ እያለ ወርዶ በባሕሩ ዳር ረግረግና ብዙ ደሴቶች ይሆናል። በጋዋ ሞቃትና ወበቅ የበዛበት ነው፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ወራትም ከባሕር የሚነሣ ዐውሎ ነፋስ ያሠጋል። ሁጎ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በ1989 በመስከረም ወር የባሕሩን ዳር ክፉኛ መትቶታል። የአገሪቱ ታሪክ የተጀመረውም፤ ብልጽግናዋና ኀጢአቷ አብረው የበቀሉትም በዚሁ በዝቅተኛው ምድር ነው።

አስቀድሞ በዚህ ምድር ካታውባ፤ ቼሮኪ፤ ያማሲና ሌሎችም ነገዶች ይኖሩ ነበር። በ1663 የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ አገሩን ለስምንት መኳንንት ሰጠ፤ ካሮላይና የሚለውም ስም ቻርልስ ከሚለው ስም በላቲን ቋንቋ የወጣ ነው። በ1670 የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በአሽሊ ወንዝ ዳር ከተማ መሠረቱ፤ ከአሥር ዓመትም በኋላ ከተማው ዛሬ ቻርልስተን ወዳለበት ስፍራ ተዛወረ። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ የመጡት ባርባዶስ ከተባለችው ደሴት ነበር፤ በዚያች ደሴት በባሮች ጕልበት ሸንኰራ አገዳ እያስተከሉ መበልጸግን ተምረው ስለ ነበር፤ ያንኑ ሥርዐት ይዘው መጡ። የመኳንንቱ ሕግ በሃይማኖት ነገር ገር ስለ ነበረ፤ ከፈረንሳይ የተሰደዱ ፕሮቴስታንቶችና አይሁድ በዚያ መጠጊያ አገኙ። ዳሩ ግን በዚያው ሕግ ጌታ በባሪያው ላይ ፍጹም ሥልጣን ተሰጠው። አንዱን ስደተኛ የተቀበለች አገር ሌላውን በሰንሰለት አስመጣች።

አገሪቱን ያበለጸጋት ሩዝ ነው። እንግሊዞቹ የሩዝን እርሻ አያውቁትም ነበር፤ ከሴኔጋምቢያ እስከ ሴራሊዮን ባለው የምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ የሚኖሩት ሕዝቦች ግን ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ ሲያርሱት ኖረዋል። ከጥበቡ ስንቱ ከአፍሪካውያን እንደ መጣ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩበታል፤ ሥራው ግን የእነርሱ እንደ ነበረ፤ ሩዙ የሚፈተግበት ሙቀጫና ዘነዘና፤ የሚበጠርበትም ሰፌድ ከአገራቸው ልማድ እንደ ወጣ የሚክድ የለም። በወንዞች አፍ አጠገብ የቆመውን የረግረግ ደን መንጥረው፤ ጭቃውን በአካፋ እየዛቁ የብዙ ኪሎ ሜትር ግድብ ሠሩ፤ ቦይም ቈፈሩ። የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሲሞላ የወንዙን ጣፋጭ ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋልና፤ በዚያን ጊዜ የእንጨቱን መዝጊያ ከፍተው እርሻውን ያጠጡታል፤ ሲጎድልም መልሰው ያፈሱታል። ጨው ያለበት ውሃ እንዳይገባ ሰዓቱን መጠበቅ ትልቅ ማስተዋል የሚጠይቅ ነበረ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት እስከ ጕልበታቸው በውሃ ቆመው ነው። ጌቶቹ በበጋ ወባን ፈርተው ወደ ከተማ ሲሸሹ፤ ሠራተኞቹ በዚያው ይቀሩ ነበር፤ ከልጆቻቸውም እጅግ ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞቱ ነበር።

ከ1708 ጀምሮ ጥቁሮቹ ከነጮቹ በቍጥር በልጠው ተገኙ። ወደ ሰሜን አሜሪካ ምድር በባርነት ከመጡት አፍሪካውያን ከመቶ አርባው ያህል በቻርልስተን ወደብ እንደ ገቡ ይገመታል። ጥቂቶች ብዙዎችን በግፍ ሲገዙ ፍርሃት አይለያቸውም። በ1739 በመስከረም ወር በአንድ እሑድ ቀን በስቶኖ ወንዝ አጠገብ ሃያ ያህል ባሮች መሣሪያ ነጥቀው፤ አርነት ተስፋ ወደሚሰጥበት ወደ እስፓኞች ግዛት ወደ ፍሎሪዳ ለመሄድ ተነሡ። ሌሎችም ተከተሏቸው፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ተደርሶባቸው ብዙዎቹ ተገደሉ። በተከታዩ ዓመት በ1740 የወጣው ሕግ ለባሪያ መጻፍ ያስተማረ ሰው 100 ፓውንድ እንዲቀጣ አዘዘ። ፊደል ከጦር ይልቅ እንደሚያስፈራ ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው መሰከሩ ማለት ነው።

ጥቁሮቹ ክርስቲያኖች ከነጮቹ ሜቶዲስቶች ተለይተው በቻርልስተን የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ያቆሙት ከ1816 እስከ 1818 ባለው ጊዜ ነው። ከምእመናኑ አንዱ በሎተሪ ባገኘው ገንዘብ ራሱን የገዛው ዴንማርክ ቬዚ ነበረ። በ1822 ባሮችን ሊያስነሣ ነው ተብሎ ተከሰሰና ከሌሎች 34 ሰዎች ጋር ተሰቀለ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ፈረሰ። በ1834 የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በሕግ ተከለከሉ። ምእመናኑ ግን እስከ 1865 ድረስ በስውር ሲሰበሰቡ ቆዩ፤ አርነትም በወጡ ጊዜ በግልጥ ተሰብስበው ቤተ ክርስቲያናቸውን አማኑኤል ብለው ሰየሙት።

ደቡብ ካሮላይና ከኅብረቱ መንግሥት ለመለየት ከሁሉ ቀድማ የቈረጠችው በ1860 በታኅሣሥ 20 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ከ703,000 ያህል ሕዝቧ 402,000 የሚሆኑት ባሮች ነበሩ። በ1861 በሚያዝያ 12 ቀን በቻርልስተን ወደብ ባለው በሰምተር ምሽግ ላይ መድፍ ተተኰሰ፤ የእርስ በርስ ጦርነትም ተጀመረ። በዚያው ዓመት በኅዳር የኅብረቱ መርከቦች ፖርት ሮያልን ሲይዙ ጌቶቹ ሸሹ፤ 10,000 ያህል ባሮች በደሴቶቹ ቀሩ። በ1862 በቅድስት ሄሌና ደሴት ፔን የተባለው ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። መጻፍ የተከለከሉት ሰዎች ሽማግሌም ሕፃንም አንድ ላይ ፊደል ቈጠሩ።

በዚሁ በ1862 በግንቦት ወር ሮበርት ስሞልስ የተባለ ባሪያ፤ የእንፋሎት መርከብ መሪ የነበረ፤ ነጮቹ አለቆች በከተማ ባደሩበት ሌሊት ሚስቱንና ልጆቹን ከባልንጀሮቹ ጋር አሳፍሮ ተነሣ። የአለቃውን ባርኔጣ ደፍቶ፤ በየምሽጉ ፊት የሚገባውን የፉጨት ምልክት እየሰጠ አለፈና መርከቡን ለኅብረቱ ጦር አስረከበ። በኋላም በቦፈርት ከተማ የቀድሞ ጌታውን ቤት ገዛ፤ ለአሜሪካ የሕግ ምክር ቤትም ተመረጠ። በ1868 የተጻፈው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ለልጅ ሁሉ ነጻ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ሲያዝ፤ ስሞልስ ከጸሓፊዎቹ አንዱ ነበር። ነገር ግን በ1895 ጥቁሮቹን ከምርጫ የሚያስወጣ ሌላ ሕገ መንግሥት ወጣ። ስሞልስ በጉባኤው ተገኝቶ ተቃወመ፤ ድምፁ ግን አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ልጆቹ በቀለም ተለይተው ተማሩ። በክላሬንደን አውራጃ የነጮቹ ልጆች በአውቶቡስ ሲሄዱ የጥቁሮቹ በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ቄስ ጆሴፍ ዴሌን ወላጆችን አስተባበረ፤ ልመናው አውቶቡስ ብቻ ነበር። ሲከለከሉ ክስ አቀረቡ፤ ክሱ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለየቱን ሻረ። ፈራሚዎቹ ግን ከሥራቸው ተባረሩ፤ የቄሱ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተቃጠሉ፤ እርሱም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። የክብር ሜዳልያ የተሰጠው ከሞተ በኋላ በ2004 ነው።

የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያንም ፈተና በዚህ አላበቃም። በ2015 በሰኔ 17 ቀን ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ለመማር የተሰበሰቡት ምእመናን አንድ ነጭ ወጣት እንግዳ ሆኖ ቢመጣባቸው ተቀብለው አስቀመጡት፤ እርሱ ግን ቄሱን ክሌሜንታ ፒንክኒን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ ቤተ ዘመዶች አንዳንዶቹ በፍርድ ቤት ቆመው ይቅር እንዳሉት ተናገሩ። በሐምሌ 10 ቀን ለባርነት የተዋጋው ወገን ሰንደቅ ዓላማ ከግዛቲቱ ምክር ቤት ግቢ ወረደ። ይቅርታው ግን ታሪኩን አይሰርዘውም፤ ይቅር የሚባለው የታወቀ በደል ነውና።

ዛሬ የሩዙ እርሻ ጠፍቷል፤ ከአርነት በኋላ ያለ ዋጋ የሚሠራ እጅ ስለ ታጣ ደከመ፤ የ1893ና የ1911 ዐውሎ ነፋሶችም ግድቦቹን አፈረሱ። በደሴቶቹ የሚኖሩት ጋላ የተባሉት የእነዚያ ሠራተኞች ልጆች ግን እንግሊዝኛና የአፍሪካ ቋንቋዎች የተዋሐዱበትን ቋንቋቸውን ጠብቀዋል፤ በ2005ም ሐዲስ ኪዳን በዚሁ ቋንቋ ታተመላቸው። ሴቶቻቸው ሣሩን እየጠመጠሙ የሚሰፉት ስፌት በመንገድ ዳር ይሸጣል።

ስለዚህ ወደዚያች አገር የሚሄድ እንግዳ የቻርልስተንን ያማሩ ቤቶች ከጐበኘ በኋላ፤ በረግረጉ ውስጥ ቀጥ ብለው የተዘረጉትን አሮጌ ግድቦች ዐይኑን አንሥቶ ይመልከት። ባሮች በወረዱበት በጋድስደን ወደብ በ2023 የተከፈተውን ቤተ መዘክር፤ የፔንንም ትምህርት ቤት ይይ። የቤቶቹን ባለቤቶች ስም መዝገብ ጠብቆታል፤ ግድቦቹን የሠሩት ግን አብዛኞቹ ስማቸው አልተጻፈም። እነርሱን ሳያስብ የተመለሰ እንግዳ አገሪቱን አየ አይባልም።