የሚዙሪ ፔትዌይ ድሪቶ

ልጅ ሆኜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ እናቴ መጀመሪያ የምትሸሽገው ድሪቶውን ነበር። አያቴ በእጇ የደረተችውን ያንን ልብስ ጠቅልላ አልጋ ሥር ትወሽቀዋለች። አያቴ ዝም ትላለች። ማታ ግን እኔን አልብሳኝ እራፊዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች፣ «ይቺ የአጎትሽ ሱሪ፣ ይቺ የእኔ የሐዘን ቀሚስ» ትለኛለች።

አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ልብስ በማሳጠርና በማጥበብ ነው የምተዳደረው። ድሪቶ ትደርት የነበረችውን የሚዙሪ ፔትዌይን ታሪክ እዚህ ካወቅሁ ወዲህ ያ መሸሸግ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሚዙሪ አላባማ ግዛት ውስጥ ያለው የጂስ ቤንድ መንደር ሰው ነበረች። መንደሩን የአላባማ ወንዝ በሦስት በኩል ጠምጥሞ ይዞታል። በ1846 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማርክ ፔትዌይ የተባለ ባለርስት መቶ ያህል ባሪያዎቹን ከሰሜን ካሮላይና በእግር አስነድቶ አመጣቸው፤ ብዙዎቹ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በእሱ ስም ይጠራሉ። ነፃ ከወጡም በኋላ ከዕዳ አልወጡም። በ1932 አበዳሪያቸው የነበረ ነጋዴ ሲሞት የእሱ ወገኖች ከብቱን፣ የእርሻ ዕቃውን፣ የጎተራውን በቆሎ ሳይቀር ጭነው ሄዱ።

የሳንቃ ቤታቸው ነፋስ ያስገባ ነበር፤ የሚደርቱትም ብርድ ስለጠናባቸው ነበር። ላዩ የአሮጌ ልብስ ቁራጭ ነበር፣ ጀርባው የዱቄት ወይም የማዳበሪያ ጆንያ። መካከሉ ላይ ከጥጥ መዳመጫው ወለል ጠርገው ያመጡትን ጥጥ በዱላ እየመቱ አሳስተው ያነጥፉት ነበር፤ እኛ ባዘቶ የምንለው ዓይነት። ሦስቱን በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠው እያዜሙ ይጠቅሙት ነበር። በጣም የሚወዱት አሠራር «የቤት ጣሪያ» ይባላል፤ መሀል ላይ አንዲት እራፊ ትቀመጥና ሌላው በዙሪያዋ እየተቀጠለ ይሰፋል።

በ1942 ሚዙሪ ባሏ ሞቶባት ነበር። የሥራ ልብሱን ሰብስባ፣ ከልጇ ከአርሎንዚያ ጋር ተርትራ ደረተችው፤ እሱን እያስታወሰች ልትለብሰው። እንዲህ ያለ የሥራ ልብስ ድሪቶ ሳይ ዓይኔ ቶሎ የሚያርፈው ኪስ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ሌላው ጨርቅ በፀሐይና በእጥበት ነጥቶ፣ ከኪሱ ሥር የነበረው ብቻ ጠቆር ብሎ ይቀራል። ጉልበቱ ደግሞ ሳስቷል። ልብስ ለሚሠራ ሰው ይሄ እንደ ጽሑፍ ይነበባል።

በ1962፣ የመንደሩ ሰዎች ለመራጭነት ለመመዝገብ ወንዙን ተሻግረው ወደ ካምደን ከተማ መሄድ ሲጀምሩ፣ የማሻገሪያው ጀልባ ተቋረጠ። የተመለሰው በ2006 ነው፤ 44 ዓመት ሙሉ! በ1966 የአካባቢው ሴቶች የድሪቶ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በ1970ዎቹ ሲርስ ለተባለው የንግድ ድርጅት የትራስ ልብስ ሲሰፋ የተረፈው የኮርዶሮይ ጨርቅ ቁርጥራጭ ወደየቤቱ ገባ፤ ደማቆቹ ቀይና አረንጓዴ ድሪቶዎች የመጡት ከዚያ ነው። በ2002 ሥራዎቻቸው ሂዩስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ጠቅልሎ የሸሸጋቸው የለም።

ባለፈው ዓመት እህቴ የአባቴን ካኪ ኮት ላከችልኝ። የደረት ኪሱን በምላጭ ስተረትረው ከሥሩ አራት ጣት የሚያህል ካኪ ብቅ አለ፣ ከሱቅ በተገዛበት ቀለሙ። አያቴ ብትኖር የት ታደርገው ነበር እያልኩ ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን መሀል ላይ አድርጌ የቀረውን በዙሪያው መቀጠል ጀመርኩ።