የብቸኛው መምህር ስብሰባ

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥነ ልቡና የሚያስተምር መምህር በሙያው ብዙውን ጊዜ ብቸኛ ነው። በታሪክ ወይም በኅብረተሰብ ሳይንስ ሠልጥኖ ትምህርቱን በተደራቢነት የተረከበው ጥቂት አይደለም፤ ስለ አንጎል አሠራር ቢቸገር በግቢው የሚጠይቀው ባልደረባ የለውም።

ኃላፊነቱ ይበልጥ የከበደው ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ውጤቱ በዩኒቨርሲቲ ሊያዝ የሚችል የሥነ ልቡና ፈተና በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። በ1892 የተመሠረተው የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበርም ለእነዚህ መምህራን በስማቸው የሚጠራ ክፍል ያቋቋመው ያን ጊዜ፣ ማለትም ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ከተከተሉት ስብሰባዎች ልብ የሚባለው ከ2005 ጀምሮ ማኅበሩና ክላርክ ዩኒቨርሲቲ በዎርሴስተር ከተማ በትምህርት ቤቶች የዕረፍት ወቅት ያካሄዱት ዐውደ ጥናት ነው። ቦታው ለሙያው እንግዳ አይደለም፤ የማኅበሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ስታንሊ ሆል ዩኒቨርሲቲውን መርቷል፣ ፍሮይድም በ1909 አምስት ንግግሮች አሰምቶበታል። መምህራኑን የጠቀማቸው ግን የቦታው ዝና አልነበረም። ከምሁራን ንግግር ጎን ለጎን አንዱ በክፍሉ የተሳካለትን ሠርቶ ማሳያ ለሌላው ያካፍል ነበርና ብቸኛው መምህር ባልደረባ ያገኘው በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ የጥቂት ቀናት ስብሰባ መደበኛ ሥልጠናን አይተካም። ማኅበሩ በ2017 በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ በጠራው ጉባኤ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ፣ ሥነ ልቡናን ለማስተማር ምን ዓይነት የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቅ የሚለው ነበር።