ያቺ የላብ ሽቦ

የላብ ሰዓታችን ትዝ ይላችኋል? ከተለያየ ብረት የተሠሩ ሁለት ሽቦዎች ጫፍና ጫፋቸው ተያይዞ፣ አንዱን ጫፍ እሳት ላይ፣ ሌላውን በረዶ ውስጥ ስናደርግ የመለኪያዋ መርፌ ንቅንቅ ትል ነበር። እኛ ማርኩ እንጂ ታሪኩ መቼ አሳሰበን!

ቶማስ ዜቤክ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1821 በርሊን ላይ ሲያይ፣ የኮምፓስ መርፌ ስለዞረች ነገሩ ማግኔት ብቻ መሰለው። የሙቀት ልዩነት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ የተረዱት ሌሎች ናቸው። በ1950ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ መብራት ያልገባለት ገጠር በላምባ ፋኖስ ሙቀት ራዲዮ ሰማ። በ1977 የመጠቁት ሁለቱ ቮዬጀሮችም ኤሌክትሪካቸውን በዚሁ ዘዴ ከፕሉቶኒየም ሙቀት ያገኛሉ።

ጄት ሞተር ግን አስቸገረ። በሚሽከረከር ተርባይን ላይ ሽቦ መዘርጋት ፈተና ነው፤ ባትሪ ሙቀቱን አይችልም፤ ተራ የሲሊከን ቺፕም 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ሥራ ያቆማል። ተስፋ የመጣው ከሲሊከን ካርባይድ ነው። በናሳ ግሌን የምርምር ማዕከል የተሠሩ ቺፖች በ500 ዲግሪ ሙቀት ለሺዎች ሰዓታት ሠርተዋል። ተመራማሪዎችም ሁለቱን ማጣመር ያዙ፦ መሣሪያው እዚያው ሞተሩ ላይ ሆኖ ይለካል፣ ውጤቱን በራዲዮ ይልካል፣ ኃይሉን ደግሞ ከሞተሩ ሙቀት ይለቅማል።

የሞተር ጉዳት ቀድሞ ከታወቀ የሰው ሕይወት ይተርፋል። ችግሩ፣ ሁሉም ቦታ እኩል ከጋለ ኤሌክትሪክ የለም። በእሳት መሀል ቀዝቀዝ ያለ ጎን መፈለግ የዛሬም የቤት ሥራ ነው።

ለካ ያ በረዶ ያለ ነገር አልነበረም!