አይሮሎ ላይ ወረድኩ

ስዊዘርላንድ ውስጥ ባቡር ካመለጣችሁ አትሩጡ። ከ1982 ወዲህ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ቢያንስ በየሰዓቱ ሌላ ይመጣል። እኔም ፈጣኑን ትቼ በ1882 በተከፈተው በድሮው የጎትሃርድ ዋሻ ሄድኩ። 15 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስልኬን ስነካካ አለፈ።

ዋሻው ማዶ፣ አይሮሎ ጣቢያ፣ ቪንቸንዞ ቬላ የሠራው የነሐስ ቅርጽ አለ፦ ሠራተኞች የሞተ ጓደኛቸውን በቃሬዛ ተሸክመው። ዋሻው ሲቆፈር 200 ያህል ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ጣሊያኖች። በ1875 ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ አራቱ በጥይት ተገደሉ።

ተቋራጩ ሉዊ ፋቭርም በ1879 እዚያው ዋሻ ውስጥ ሞተ። በዓመቱ ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ፣ በቀዳዳው መጀመሪያ ያሳለፉት የእሱን ምስል ነው። ደግ አደረጉ። የእነዚያን የ200ዎቹንስ ማን ያሳልፍ?

ቅርጹ ፊት ብዙ ቆምኩ መሰለኝ፣ ባቡሩ አመለጠኝ። አልሮጥኩም።